ጉልበት ሲከዳ፦ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የእግር ጥንካሬና የሚዛን ልምምድ፣ ደረጃ በደረጃ

እናቴ ከወንበር ልትነሳ ስትል ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው እጇ ነበር። መዳፏን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ታሳርፋለች፣ "እህ!" ትላለች፣ በክንዷ ገፍታ ወገቧን ታነሳለች፤ እግሯ ሥራ የሚጀምረው መጨረሻ ላይ ነው። ለዓመታት ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው። ልብ ያልኩት ግን በ72 ዓመቷ ሌሊት ለሽንት ተነስታ አልጋዋ አጠገብ ከወደቀች በኋላ ነው። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጎኗ በልዞ ሰነበተ እንጂ። ነገሩን ያከፋነው እኛ ነን። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ "አንቺ ቁጭ በይ፣ እኛ እናመጣልሻለን" ማለት ጀመረ። ውኃው ይመጣላታል፣ ስልኩ ይመጣላታል፣ በሩን ሌላ ሰው ይከፍታል። ሦስት ወር ሳይሞላ ከዚያው ወንበር ለመነሳት ሰው መጣራት ጀመረች።

አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም "ጉልበት" ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ስለዚህ "ጉልበቴ ከዳኝ" ያለ ሰው እጁን የሚሰደው ወደ መገጣጠሚያው ነው። ብዙ ጊዜ ግን የከዳው ከሱ ከፍ ብሎ ያለው የጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻ ካላሠሩት ይሟሽሻል፤ ካሠሩት ይመለሳል። "በዚህ ዕድሜዬ?" ለሚል ሰው የምነግረው አንድ ጥናት አለ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ በማሪያ ፊያታሮን የተመራ ቡድን ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ 10 አቅመ ደካማ የመጦሪያ ነዋሪዎችን ለ8 ሳምንት በከባድ ክብደት እግራቸውን አሠራቸው። ልምምዱን የጨረሱት የ9ኙ የእግር ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን ተዉ። ያለ እጅ ከወንበር መነሳት የማይችሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ቻለ።

ይህን መመሪያ ለራስዎም ሆነ ለእናት አባትዎ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የምጽፈው ልምምዱን በሚሠራው ሰው አቅጣጫ ነው።

ሰው ለምን ይወድቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው ይሞታል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። "አዳልጦኝ ነው" ይባላል። አዎ፣ አዳልጦት ነው፤ ግን የ30 ዓመት ልጁም እዚያው ቦታ አዳልጦት ነበር፤ ተንገዳግዶ ቆመ እንጂ አልወደቀም። ልዩነቱ ያለው እዚያ መንገዳገድ ላይ ነው።

ቀጥ ብለን የምንቆመው ከሦስት ቦታ በሚመጣ ወሬ ነው፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች። አንጎል ሦስቱን አመዛዝኖ ጡንቻን ያዛል። ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም በየፊናቸው ይደክማሉ፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓይን ጨርሶ ከሥራ ውጭ ይሆናል። እግር እንቅፋት ሲመታው ሌላኛው እግር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደፊት ተወርውሮ መላ ሰውነትን መሸከም አለበት። ለዚህ ጥንካሬ ብቻ አይበቃም፤ ፍጥነትም ያስፈልጋል። በዕድሜ ቀድመው የሚመነምኑት ደግሞ እነዚያው ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው።

እንግዲህ "እኔ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይበቃኛል" የሚለው ሐሳብ የማይሠራው ለዚህ ነው። መራመድ ለልብም ለመንፈስም ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉበት። ግን በለመዱት መንገድ፣ በለመዱት ፍጥነት ሲሄዱ ሚዛንዎን የሚፈትነው ነገር የለም። በ2019 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመራማሪዎች ከ23,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 108 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አገኙ። የሚዛን ልምምድ ከጥንካሬ ልምምድ ጋር ሲጣመር ቅናሹ ወደ 34 በመቶ ይጠጋል። ታይ ቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴም ይረዳል፣ 19 በመቶ ያህል። መራመድ ብቻውን መውደቅን ስለመቀነሱ ግን አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘም።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለበት ማነው?

ባለፉት 12 ወራት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የወደቀ፣ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ራሱን ስቶ የወደቀ ወይም እንዴት እንደወደቀ የማያስታውስ፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ አጥንቱ ሳስቶ አከርካሪው የተሰበረበት። ለእነዚህ ሰዎች ልምምዱ አይከለከልም፤ ግን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) አይቷቸው ይጀምሩ። ሌላው ሰው ግን "መጀመሪያ ሙሉ ምርመራ ላድርግ" እያለ ወራት ባያሳልፍ ይሻለዋል።

በልምምድ መሃል የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ድንገተኛ ራስ ማዞር ወይም የአንድ ወገን መድከም ከመጣ ያቁሙና ሕክምና ይፈልጉ።

ደረጃ 1፦ አሁን ያሉበትን ይለኩ

ደብተር ያዘጋጁ። ሳይለኩ የጀመሩ ሰዎች ከወር በኋላ "ምንም ለውጥ የለም" ብለው ሲተዉ አይቻለሁ፤ ለውጡ ነበር፣ መነሻቸውን ረሱት እንጂ። አጠገብዎ አንድ ሰው ይቁም። ሰዓት ያስፈልጋል።

የወንበር ፈተና፦ መቀመጫው 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ። እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው መቀመጥ እንደቻሉ ይቁጠሩ። እጅ ከተጠቀሙ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ አይዘኑ፣ እናቴም የጀመረችው ከዜሮ ነው። ውጤትዎ ከሚከተለው በታች ከሆነ ለመውደቅ የመጋለጥ ምልክት ነው፦

ከ60 እስከ 64 ዓመት፦ ሴት 12፣ ወንድ 14
ከ65 እስከ 69፦ ሴት 11፣ ወንድ 12
ከ70 እስከ 74፦ ሴት 10፣ ወንድ 12
ከ75 እስከ 79፦ ሴት 10፣ ወንድ 11
ከ80 እስከ 84፦ ሴት 9፣ ወንድ 10
ከ85 እስከ 89፦ ለሁለቱም 8

የአቋቋም ፈተና፦ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው አራት አቋቋሞችን እያንዳንዳቸውን ለ10 ሰከንድ ይሞክሩ። አንደኛ፣ ሁለቱን እግር ገጥሞ ጎን ለጎን። ሁለተኛ፣ የአንዱን እግር ውስጠኛ ጎን ከሌላው አውራ ጣት ጋር አስነክቶ። ሦስተኛ፣ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ለፊት አስጠግቶ፣ ገመድ ላይ እንደቆመ ሰው። አራተኛ፣ በአንድ እግር። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ መያዝ ካቃተዎ የመውደቅ ስጋትዎ ከፍ ያለ ነው። በየትኛው ላይ እንደቆሙና ስንት ሰከንድ እንደያዙ ይጻፉ፤ የሚዛን ልምምድዎ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የመሄድ ፈተና፦ ከወንበር ተነስተው፣ 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ ስንት ሰከንድ ፈጀ? እንደ ወትሮዎ ይሂዱ፣ አይቸኩሉ። ከዘራ ከያዙ ይያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ልብ ይበሉ። እዚህ ላይ ሰዓቱን ብቻ አይዩ፤ ሲዞሩ ስንት እርምጃ እንደወሰደብዎ የሚያይልዎ ሰው ይኑር። ብዙ ሰው የሚንገዳገደው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳይሆን ሲዞር ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ያዘጋጁ

ሁለት ቦታ ይበቃል። አንዱ ወንበሩ ግድግዳ የተደገፈበት፣ ሁለተኛው የማይንቀሳቀስ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ በወገብ ከፍታ ያለ የወጥ ቤት መደርደሪያ። ከሱ ትይዩ ከኋላዎ ሌላ ወንበር ያስቀምጡ፤ ወደኋላ ቢያዘነብሉ መቀመጫ ይሆንዎታል። ጎማ ያለው ወንበር፣ የሚንሸራተት ምንጣፍ፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ተረከዙን አጥብቆ የሚይዝ፣ ሶሉ ቀጭንና ጠንካራ ጫማ ይመረጣል። ወፍራምና ለስላሳ ሶል የሚመች ይመስላል እንጂ የእግርዎ መዳፍ ከወለሉ የሚሰማውን ነገር ያፍናል።

ደረጃ 3፦ ከወንበር መነሳት

ጊዜዎ ለአንድ ልምምድ ብቻ ቢሆን ይህን ይምረጡ። ጭንን፣ መቀመጫን፣ ቋንጃንና ሚዛንን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ደግሞም በቀን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ነገር ነው።

ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ይበሉ። እግሮችዎን በዳሌ ስፋት ከፍተው፣ ተረከዝዎ ከጉልበትዎ ትንሽ ወደኋላ እስኪገባ ድረስ ይሳቡ። አሁን ከወገብዎ ወደፊት ያዘንብሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ስትነሳ ደረቷን ቀጥ አድርጋ ወደላይ ነበር የምትሞክረው፤ ክብደቷ ገና ወንበሩ ላይ ስለሆነ ግማሽ ሳትደርስ ተመልሳ ዱብ ትላለች። ለሁለት ሳምንት "እማዬ፣ ጎንበስ በይ" ብላት አልሠራም። "አፍንጫሽ ከእግርሽ ጣት በላይ እስኪያልፍ እንዳትነሺ" ስላት ግን ወዲያው ገባት። አፍንጫ ጣትን ሲያልፍ ክብደት ከመቀመጫ ወደ እግር ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ወለሉን በተረከዝ መግፋት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሲቀመጡ አይውደቁ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" እያሉ ቀስ ብለው ይውረዱ። ጡንቻ ሲወርድም ይጠነክራል፣ ብዙዎች ግን ይህን ግማሽ ሥራ በነጻ ያሳልፉታል።

ካልቻሉስ? ወንበሩን ከፍ ያድርጉት። ሁለት ጠንካራ ትራስ ደራርበው ይጀምሩ። በሁለት እጅ ገፍተው ከቻሉ ከቀናት በኋላ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ፣ ከዚያ ያለ እጅ። ቀጥሎ አንዱን ትራስ ያንሱ። ያለ ትራስና ያለ እጅ 12 ጊዜ መነሳት ሲቀልዎት፣ አንዱን እግር ትንሽ ወደፊት አስቀምጠው ክብደቱን ለኋለኛው ይስጡት፣ ወይም ዕቃ የያዘ ቦርሳ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

መነሳቱ አስተማማኝ ከሆነ በኋላ (ከስድስት ሳምንት በፊት አይቸኩሉ) ፍጥነት ይጨምሩበት፦ ሲነሱ በተቻለዎ ፍጥነት፣ ሲወርዱ እንደ በፊቱ ቀስ ብለው። ፍጥነቱ ነው እንቅፋት ሲመታዎት የሚያድንዎት።

ደረጃ 4፦ የቀሩት የጥንካሬ ልምምዶች

ተረከዝ ማንሳት፦ መደርደሪያውን ይዘው በእግር ጣት ይቁሙ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። ለባት ነው።

ጣት ማንሳት፦ በተቃራኒው በተረከዝ ቆመው የእግር ጣትዎን ወደ ላይ ይሳቡ። ቀላል ይመስላል፣ ይንቁታል። ሲራመዱ እግር ከወለል ተነስቶ ምንጣፍ ጠርዝ እንዳይመታ የሚያደርገው የቅልጥም ፊት ጡንቻ ይሄ ስለሆነ እኔ ከተረከዝ ማንሳቱ በላይ እከራከርለታለሁ።

እግር ወደ ጎን ማንሳት፦ መደርደሪያውን ይዘው አንዱን እግር ወደ ጎን ያንሱ፤ ጣቱ ወደፊት ይይ፣ ወገብዎ አይጋደል። የሚሠራው የዳሌ ጎን ጡንቻ በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን እንዳይንሸዋረር የሚይዘው ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ በአንድ እግር እንቆማለን።

ጉልበት መዘርጋት፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ እስኪል ይዘርጉ፣ ይያዙት፣ ቀስ ብለው ይመልሱ። ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር ክብደት ይሠራል። በግማሽ ወይም በአንድ ኪሎ ይጀምሩ፤ የሚገዛ ከሌለ አሸዋ የሞላ ካልሲ ይበቃል፣ ጫፉን በደንብ ቋጥረው።

ደረጃ መውጣት፦ በእጅ መደገፊያ አጠገብ የታችኛውን አንድ ደረጃ በአንድ እግር ይውጡ፣ በዚያው እግር ተቆጣጥረው ይውረዱ። ይህን የሚጀምሩት ያለ እጅ ከወንበር መነሳት ከቻሉ በኋላ ነው።

ምን ያህል ይከብድ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ አረጋውያንን የሚያሠሩ ሰዎች በብዛት የሚያበላሹትም ይህንኑ ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው እጅ ያስወዛውዛሉ፣ ያጨበጭባሉ። ደስ ይላል፤ ጡንቻ ግን አያድግም። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሠርተው ሲያቆሙ "ሁለት ልጨምር እችል ነበር፣ ሦስተኛው ግን ያቅተኛል" የሚሉበት ክብደት ልክ ነው። 15 ጊዜ እያወሩ መሥራት ከቻሉ ቀሏል፤ ያክብዱት። 5 ላይ ከተንቀጠቀጡ ከብዷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እያረፉ ሁለት ዙር ይሥሩ። ሲገፉ ይተንፍሱ፤ ትንፋሽ አምቆ መግፋት የደም ግፊትን ያንራል።

በማግስቱ ጡንቻ ቢዝል ወይም ቢያም የተለመደ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። ጉልበት ወይም ዳሌ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከሆነ ግን ልምምዱን ያቅሉት፦ ወንበሩን ከፍ ያድርጉ፣ ክብደቱን ይቀንሱ። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ሲሠራ ትንሽ ቢያመውና ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ቢመለስ ሊቀጥል ይችላል፤ እያደረ የሚብስ ከሆነ ግን በዝቷል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ሚዛን

የሚዛን ልምምድ ሕግ አንድ ነው፦ ካልተወዛወዙ እየሠሩ አይደለም። የሚፈለገው መወዛወዝ ግን ራስዎ የሚያርሙት ነው፤ በየሰከንዱ መደርደሪያውን የሚያስጨብጥ ከሆነ አንድ ደረጃ ይውረዱ።

በፈተናው ላይ 10 ሰከንድ መያዝ ካቃተዎት አቋቋም ይጀምሩ። ከባድነቱን የሚቀንሱትና የሚጨምሩት በእጅዎ ነው። ሁለት እጅ መደርደሪያው ላይ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ፣ ቀጥሎ አንዲት ጣት፣ መጨረሻ ላይ እጅ ከመደርደሪያው ከፍ ብሎ አየር ላይ፣ ለመያዝ ተዘጋጅቶ። እጅ የሚያርፈው ሚዛን ለመፈለግ እንጂ ለመንጠልጠል አይደለም፤ አጠገብዎ ያለው ሰው የጣትዎን ጥፍር ይይልዎ። ከነጣ እየተደገፉ ነው። አንዱን አቋቋም 30 ሰከንድ ሳይነኩ ከያዙ ወደ ቀጣዩ ይለፉ፣ ወይም እዚያው ላይ ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያዙሩ። ዓይን መጨፈን የመጨረሻው ነው፤ ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ማዕዘን ጀርባ ሰጥተው፣ ፊት ለፊት ወንበር አድርገው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ብቻ።

ቆሞ መሥራት ግን ግማሹ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲንቀሳቀስ ነው። መደርደሪያው አጠገብ ወደ ጎን 10 እርምጃ ሄደው ይመለሱ። ወደኋላ 10 እርምጃ። ተረከዝ ከጣት እያስነኩ 10 እርምጃ። ሁለት ጫማ ወለሉ ላይ ራቅ ራቅ አድርገው አስቀምጠው በመሃላቸው ስምንት ቁጥር እየሠሩ ይዙሩ፤ ሲዞሩ እግርዎን እያነሱ እንጂ በአንድ እግር ላይ እየተሽከረከሩ አይሁን። ከዚያ ፈጣን እርምጃ፦ አጠገብዎ ያለው ሰው "ፊት!"፣ "ግራ!"፣ "ኋላ!" ይበል፣ እርስዎ በተባለው አቅጣጫ አንድ ትልቅ እርምጃ ቶሎ ይርገጡና ይመለሱ። የልጅ ልጅ ካለ ይህን ሥራ ለሱ ይስጡት፣ አይሰለቸውም።

ከዚህ በኋላ ወሬ ይጨመራል። በ1997 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት 58 አረጋውያንን እያራመደ ያወራቸው ነበር። 12ቱ መልስ ለመስጠት ሲሉ መራመዳቸውን አቆሙ። ከነዚያ 12 ሰዎች 10ሩ በ6 ወር ውስጥ ወደቁ። አንጎል መራመድንና ማውራትን አንድ ላይ መሸከም ካቃተው ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስምንት ቁጥሩን እየዞሩ ከ100 ጀምረው በሦስት በሦስት እየቀነሱ ይቁጠሩ፣ ወይም የዘመዶችዎን ስም በፊደል ተራ ይጥሩ። እናቴ ቁጥሩን ጠላችው፤ የጎረቤት ወሬ ስትነግረኝ ግን ሳትቆም ትዞራለች። እሱም ይሠራል።

ሳምንቱን እንዴት ያከፋፍሉት?

የጥንካሬውን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ሚዛኑ ዕረፍት ስለማይፈልግ በየቀኑ 10 ደቂቃ ሊሠራ ይችላል፤ ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም ለጀማሪ አይሆንም፣ ለገፋበት ሰው ግን በቂ ሰበብ ነው። የእግር ጉዞ በቀሩት ቀናት። በድምሩ በሳምንት ወደ 3 ሰዓት ከደረሰ ውጤቱ የጎላ ይሆናል። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁትና ብዙ አገሮች የተቀበሉት የቤት ውስጥ ልምምድም በሳምንት 3 ቀን ጥንካሬና ሚዛን፣ 2 ቀን ጉዞ ነው። ከወንበር በመነሳት ላይ ለውጥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ በየ4 ሳምንቱ ሦስቱን ፈተናዎች ይድገሙ።

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጨምር።

ደረጃ 6፦ ከወለል መነሳትን መለማመድ

ይህን ማንም አያስተምርም። ሳይጎዱ ወድቀው መነሳት ባለመቻላቸው ብቻ ወለል ላይ ለሰዓታት የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ ጉዳቱ ከመውደቁ የሚከፋው ያን ጊዜ ነው፦ ብርድ፣ የውኃ ጥም፣ በአንድ ጎን የተጫነ ቆዳና ጡንቻ። ሰው አጠገብዎ ሆኖ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ይለማመዱ። ሰው ሠራሽ ዳሌ ወይም ጉልበት የገባለት ሰው ግን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ብቻ።

በእውነት ከወደቁ መጀመሪያ አይንቀሳቀሱ። ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፣ እጅና እግርዎን አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱ። ዳሌ ወይም ብሽሽት ላይ ከባድ ሕመም ካለ፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ለመነሳት አይሞክሩ፣ ሰው ይጥሩ። ደህና ከሆኑ ወደ ጎን ይገልበጡ። በክርንዎ ተደግፈው ከፍ ይበሉ፣ ከዚያ በአራት እግር። እየዳኹ ወደ ጠንካራ ወንበር ይሂዱ። ሁለት እጅዎን መቀመጫው ላይ አድርገው ጠንካራውን እግር ከፊት ይርገጡ፣ በእጅና በእግር አንድ ላይ ገፍተው ይነሱ፣ ዞረው ይቀመጡ። ወዲያው አይቁሙ፤ ደቂቃዎች ይረፉ።

በልምምድ ጊዜ ከወለል መጀመር ያስፈራል። በተቃራኒው ይሂዱ፦ የመጀመሪያ ሳምንት ከወንበር ወርደው በአንድ ጉልበት ተንበርክከው ይመለሱ፣ ሲለመድ በሁለት ጉልበት፣ ከዚያ በአራት እግር፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ መተኛት። ስልክዎን ተኝተው የሚደርሱበት ዝቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥም ከዚህ ጋር ይልመዱ።

ልምምድ የማይፈታው

የእንቅልፍና የጭንቀት ማስታገሻ መድኃኒቶች ሚዛንን ያውካሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ሲበዛ ሲነሱ ያዞራል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ቦርሳ ይዘው ሐኪምዎ ወይም ፋርማሲስት ይያቸው፤ በራስዎ ግን አያቁሙ። ሲነሱ የሚያዞርዎ ከሆነ ተኝተውና ቆመው ግፊትዎን ያስለኩ፦ በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። እስከዚያው ሌሊት ከአልጋ ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው፣ ቁርጭምጭሚትዎን እያንቀሳቀሱ፣ ከዚያ ይነሱ። እናቴን የጣላት ያ ነበር፤ ጨለማውና መቸኮሉ ተጨምሮበት። የሩቁንም የቅርቡንም የሚያሳይ ባለሁለት ክፍል መነጽር ደረጃ ሲወርዱ ወለሉን ስለሚያደበዝዝ ለውጭ መሄጃ የሩቅ ብቻ የሆነ ሌላ መነጽር ቢኖር ጥሩ ነው።

ታመው ከተኙ

አንድ ቀን ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም አልጋ ላይ ያስቀምጥዎታል። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ሙሉ ሲተኙ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ስለዚህ ትኩሳቱ እንደበረደ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግር መዘርጋት፣ ከአልጋ ሦስት አራት ጊዜ መነሳት ይጀምሩ። ወደ ልምምዱ ሲመለሱ ደብተሩን ገልጠው ያቆሙበትን አይውሰዱ፤ ግማሹን ይውሰዱ። ትራሱ ተመልሶ ይቀመጥ፣ እጅም ለጥቂት ቀን ይርዳ። የጠፋው ከመጀመሪያው ባጠረ ጊዜ ይመለሳል፤ እናቴ ከሳንባ ምች በኋላ በወንበር ፈተናው ከ11 ወደ 4 ወርዳ ነበር፣ በሰባተኛው ሳምንት 10 ጻፍን።